ቡሄ ሳይመጣ ስለ ውሾቻችን
(በጎንደር ለሰፈር ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ ስለ ውሻ ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በር ላይ «ደግሞ ለውሻም ስብሰባ ተጀመረ?» ብሎ የሳቀ ሰው ነበር። ይሳቅ፣ ምንም አይደል። ግን ሐምሌ እያለቀ ነው። ልጆቹ ጅራፍ መግመድ ጀምረዋል። እኔም የእንስሳት ሐኪም ነኝና ውሾቻችን በበዓል ድምፅ ስለሚይዛቸው ፍርሃት ከቡሄ ማግስት ሳይሆን ከቡሄ በፊት ልናገር ብዬ ነው።

ጎንደር ድምፅ የምትወድ ከተማ ናት። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል። አዲስ ዓመት ሲገባ ርችት አለ። ከዚያ ደመራ፣ ከዚያ ገና። ጥር 10 ደግሞ ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከተማው በእልልታ፣ በከበሮና በድምፅ ማጉያ ይሞላል። ይህን ቀንሱ ልላችሁ አልመጣሁም። እንዲያ ብል ከዚህ አዳራሽ በሰላም የምወጣ አይመስለኝም። የምለው ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ድምፅ ቀኑ የታወቀ ነው። እኛ ቀኑን እናውቃለን፣ ውሻው አያውቅም። ስለዚህ ማዘጋጀቱ የኛ ሥራ ነው።

ስለ ጆሮው ትንሽ ልበል። ሰው ጆሮው ጤነኛ ከሆነ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ውሻ እስከ 45 ሺህ ገደማ ይሰማል። እኛ ጨርሶ የማንሰማው ቀጭን ድምፅ ለእሱ ግልጽ ነው። የጅራፍ ጩኸት ደግሞ እንዲሁ ተራ ድምፅ አይደለም። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ፣ በሴኮንድ ከ340 ሜትር በላይ ስለሚወነጨፍ ነው እንዲያ የሚጮኸው። ፈጣን ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሻችሁ ጅራፍን ከተኩስ ባይለይ አትፍረዱበት። ከተማችን ባለፉት ዓመታት የሰማችውን ሁላችንም እናውቃለን፣ አልዘረዝረውም። ውሾቹም አብረውን ሰምተዋል።

«የኔ ውሻ ጀግና ነው፣ ሌባ አያስጠጋም፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ግን አልጋ ሥር ይወሸቃል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህ አይጋጭም። ሌባውን ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ይጮኽበታል፣ ያባርረዋል። ድምፁን ግን ምን ያድርገው? ከየት እንደመጣ አያይ፣ ጮኾም አያባርረው።

መንቀጥቀጡንና ጭራውን መሸጎጡን ሁሉም ሰው ያውቃል። የማይታወቁት ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው። ሳይሞቀው ያለከልካል። እንቅልፍ ሳይመጣው ደጋግሞ ያዛጋል። ከንፈሩን ይልሳል። ለሃጩ ይዝረበረባል። የሚወደውን አጥንት አሽትቶ ይተወዋል። ወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል። በተለይ መብላት ያቆመ ውሻ ፍርሃቱ ከልክ እንዳለፈ እወቁ። ይህቺን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ ሰንሰለት። በየግቢያችን ውሻ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል። በአዘቦት ቀን ራሱ ደስ አይለኝም። በቡሄና በርችት ሌሊት ግን አደጋ ነው። የደነገጠ ውሻ አጥር ሊዘል ይሞክራል። ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታነቃል። ከበጠሰው ደግሞ መንገድ ላይ ነው፣ ከባጃጅ ሥር ነው። በዚያ ሌሊት ፍቱት፣ ቤት አስገቡት፣ የግቢውን በር ዝጉ።

የት ይግባ? እሱ ራሱ ወደመረጠው ቦታ። አልጋ ሥር ከሆነ አልጋ ሥር፣ ጓዳ ከሆነ ጓዳ። ጎትታችሁ አታውጡት። የጭቃ ቤት ካላችሁ ታድላችኋል፣ ወፍራም ግድግዳ ድምፅ ያፍናል። በባዶ ቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ግን በረዶ ሲወርድበት ከርችት አይሻልም። መስኮቱን ዝጉ፣ መጋረጃ ጣሉ፣ አሮጌ ጋቢ አንጥፉለት፣ ሬዲዮ ክፈቱ። ውኃ አስቀምጡለት። ቀን ላይ በደንብ አንሸራሽሩት፣ ራቱን ቀደም አድርጋችሁ ስጡት፣ ሽንቱን ጨርሶ ይግባ።

አንድ ነገር ላርም። «ሲፈራ አታባብለው፣ ፍርሃቱን ታስለምደዋለህ» ይባላል። ስህተት ነው። ፍርሃት ስሜት ነው፣ ስለተደባበሰ አይጨምርም። ወደ እናንተ ከመጣ አስጠጉት፣ ቀስ ብላችሁ አነጋግሩት። እሱ ሳይመጣ ግን ሄዳችሁ አትቀፉት። የጨነቀው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ዱላ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። ዱላው ድምፁ ላይ ሲደመር በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር ይፈራል፤ ድምፁንም እናንተንም።

ዋናው ሥራ ግን ከበዓሉ በፊት ያለው ልምምድ ነው። የጅራፍ ድምፅ በስልካችሁ ቅዱ። ውሻው ሲረጋጋ፣ ደመና በሌለበት ሰዓት፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ጆሮውን ቀጥ ከማድረግ ያለፈ ነገር ካሳየ ገና ከፍተኛ ነው ማለት ነው። ድምፁ እንደተሰማ ወዲያው የሚጣፍጥ ነገር ስጡት። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ምግብ። ምግቡ ከቀደመ ውሻው ምግቡን መጠራጠር ይጀምራል። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ አድርጉት። መብላት ያቆመ ቀን ቸኩላችኋልና ወደ ታች ተመለሱ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ምልክት ይቺ ናት።

ስልክ ብቻውን አይበቃም። እውነተኛውን ጅራፍ አይተካም። ስለዚህ ወጣቶቹን ልለምን። ሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሆናችሁ አጩኹ፣ ውሻው ወዲህኛው ጫፍ ላይ እየበላ ይስማ። በየቀኑ ትንሽ ጠጋ በሉ። እናንተም ልምምድ ታገኛላችሁ፣ ውሻውም። ውሻ ሥር ሄዳችሁ ለሳቅ ብላችሁ የምታጮኹ ግን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። እኛ አስደንግጠነው ሲነክሰን «ክፉ ውሻ» እንላለን።

ሽልማቱ ላይ አንድ ችግር አለ። ቡሄ የሚውለው ፍልሰታ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሉካንዳ ይዘጋል፣ ቤቱም ይጾማል። ውሻው ግን አይጾምም። በርበሬ ያልነካው ቋንጣ ካሁኑ አዘጋጁለት፣ ወይም እንቁላል ቀቅሉ። ያ ካልሆነ ከሙልሙሉ ቆረስ አድርጉለት፣ የሆያ ሆዬ ልጆች አይቀየሙም። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አትስጡት፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ልምምዱ የማይዘልቃቸው ውሾች አሉ። ግድግዳ የሚቧጭሩ፣ ጥርሳቸው እስኪሰበር በር የሚያኝኩ። ለእነሱ መድኃኒት አለ፣ ግን ሐኪም አይቷቸው ይዘዝ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለልን፣ በከተማውም ባለሙያዎች አሉ። የታዘዘውንም ከበዓሉ በፊት አንድ ጊዜ ሞክሩት። ሰውነቱን አፍዝዞ ፍርሃቱን ግን እንዳለ የሚተው መድኃኒት ስላለ «ዝም አለ፣ ተሻለው» አትበሉ። የሰው ኪኒን፣ አረቄ፣ ጠላ፣ እነዚህ በፍጹም አይሆኑም። ሸምግሎ እያለ ድንገት ድምፅ መፍራት የጀመረ ውሻ ካለም አምጡት። መገጣጠሚያው ወይም ጥርሱ እያመመው ሊሆን ይችላል፤ ሕመም ያለበት በድምፅ ቶሎ ይደነግጣል። ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከሦስት እስከ አሥራ አራት ሳምንት ያለ ቡችላ ሲበላ ራቅ ብላችሁ ድስት ኳ አድርጉ። ያኔ የለመደው አብሮት ያድጋል።

የሚያስጨንቀኝ ግን ያመለጠው ውሻ ነው። አስቡት፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ጌታው ሲጠራው አይሰማም፣ ዝም ብሎ ይሮጣል። አንዱ «እብድ ውሻ!» ይላል። ከዚያ ድንጋይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው አይድንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ሆናችሁ ደንግጦ ነው ታሞ ነው ብላችሁ ለመለየት አትሞክሩ። መንገዱን ልቀቁለት፣ ልጆችን ሰብስቡ፣ ድንጋይ አታንሱ። የተወገረ ውሻ ጤነኛም ቢሆን ይነክሳል። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ክትባቱን ጀምሩ። ውሻው የተከተበ መሆኑ ለሁላችንም እፎይታ ነው። አንገቱ ላይ ማሰሪያ አድርጉለት፣ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። ያገኘው ሰው ድንጋይ ከማንሳት ስልክ ማንሳት ይቀለዋል።

ጌታ የሌላቸውን የጎዳና ውሾችም አልረሳኋቸውም። ለእነሱ ልምምድ አይሠራም። በርችቱ ሌሊት ከደጃፋችሁ ሥር የተኮራመተ ካለ እስኪነጋ አታባርሩት፣ ይበቃዋል።

የመጀመሪያውን የሜዳ ልምምድ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እንጀምራለን፣ ዝናብ ካልመጣ። በገመድ ይዛችሁ ኑ፣ ከሰንሰለት ይሻላል። ቁርሱን አታብሉት፣ ተርቦ ይምጣ። ጅራፍ የምታጮኹ ወጣቶች ስማችሁን አሁኑኑ በር ላይ አስመዝግቡ፣ ሁለት ሦስት ሰው ይበቃናል። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።