ምክር ከነልኩ፦ በጓሮ አትክልተኞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ግብዣችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ጠረጴዛዎቹ እንደምታዩት ሞልተዋል። ቲማቲሙ፣ ኪያሩ፣ ፎሶልያው፣ ቃሪያው በየሣጥኑ ነው፤ ዝኩኒው ግን ሣጥን አልበቃውም፣ ወለል ላይ ወርዷል። ጉባኤው ሲያበቃ ሁሉም የወደደውን ይወስዳል። ዝኩኒ ያመጣ ሰው ግን ዝኩኒ ሳልሸከም እመለሳለሁ ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል፤ ሰጪው ከተቀባዩ በልጧል።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ከምርቱ ጋር አብሮ ስለሚታደለው ምክር ነው። ልኩና ምክንያቱ ያልተነገረ ምክር ለሰሚው ዕዳ ነው። «ቲማቲም ውሃ ይወዳል» የተባለ ሰው ሸክላማ አፈር ካለው በየቀኑ እያጠጣ ሥሩን ያፍናል፤ አሸዋማ አፈር ያለው ደግሞ ያንኑ ቃል ሰምቶ ላዩን ብቻ አርጥቦ ይሄዳል። ሁለቱም የተባሉትን አድርገዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ስንመካከር ስንት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት አፈር፣ ለምን የሚሉት አብረው ይነገሩ። እኔም ከውሃው ልጀምር።

በሞቃቱ ወቅት ለአብዛኛው አትክልት ጥሩ መነሻ የሚሆነው በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ 25 ሊትር። አሸዋማ አፈር ላይ ይህን ለሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ፤ ሸክላማው ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ይበቃል። ዝናብ ከጣለ ይቀነሳል፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ይጨመራል። ከሁሉም በፊት ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡ፤ እዚያ ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ውሃው በጠዋት፣ ከግንዱ ሥር፣ ቅጠሉን ሳይነካ ይፍሰስ። ዱባና ኪያር ቀትር ላይ ጠወለጉ ብሎ ባልዲ ይዞ መሮጥም አያስፈልግም፤ ፀሐይ ስትበርድ ራሳቸው ይነሣሉ። በጠዋት እንደ ጠወለገ ያገኛችሁት ተክል ግን አንድም ውሃ ጠምቶታል፣ አንድም ሥሩ ታሟል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ውሃ መጨመር ሞቱን ማፋጠን ነው።

በዕቃ የሚተክሉ አባላት ሒሳባቸው ሌላ ነው። ለአንድ ቲማቲም ቢያንስ 20 ሊትር አፈር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያነሰው በሞቃት ቀን ከማታ በፊት ይደርቃል። ውሃው ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ አጠጡ። አፈሩ አንዴ ክው ብሎ ከደረቀ ውሃው በዳር በዳር ሾልኮ ይወጣልና፣ ጠጣ ብላችሁ እንዳትታለሉ ዕቃውን አንሥታችሁ ክብደቱን ሞክሩ።

ወደ ቲማቲም ጠረጴዛ ልምጣ። በየዓመቱ የማይቀረው ጥያቄ የፍሬው መቀመጫ ለምን ይጠቁራል የሚለው ነው። መጀመሪያ ከታች በኩል ውሃ ያዘለ የሚመስል ነጥብ ይታያል፤ ከዚያ ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ጠፍጣፋና ደረቅ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ሻጋታ ቢታይበትም ሻጋታው በኋላ የመጣ ነው፤ መነሻው ተባይም በሽታም አይደለም። ፍሬው ሲያድግ በቂ ካልሲየም ሳይደርሰው ቀርቷል። «እንግዲያው የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ» የሚለው ምክር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈር ውስጥ መጥፋቱ አይደለም። ካልሲየም ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ብቻ ነው። ቅጠል ብዙ ውሃ ያተናልና ወደ ራሱ ይስባል፤ ፍሬ የሚያተነው እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚደርሰውም ትንሽ ነው። አፈሩ ለጥቂት ቀናት ደርቆ ከሰነበተ መጀመሪያ የሚጎድልበት ፍሬው፣ ከፍሬውም ከዘለላው በጣም የራቀው ጫፍ ነው። በኋላ ውሃ ቢጠግብ፣ ቅጠል ላይ የሰፈረው ካልሲየም ተመልሶ ወደ ፍሬ አይሄድም። የእንቁላል ቅርፊቱም አፈር ውስጥ እስኪፈርስ ወራት ይወስዳል።

መድኃኒቱ የውሃውን መጠን ሳያዛንፉ ማጠጣት፣ አፈሩን በጉዝጓዝ መሸፈን፣ ከግንዱ አጠገብ በጥልቀት አለመኮትኮት (ሥሩ ይቆረጣል)፣ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም መቀነስ ነው፤ ናይትሮጅን ቅጠሉን ያበዛዋል፣ ቅጠሉ ደግሞ ውሃውን ይሻማል። የጠቆሩትን ፍሬዎች ልቀሟቸው። የመጀመሪያው ዘለላ ላይ ብቻ ከታየና ቀጣዮቹ ንጹሕ ከሆኑ አትጨነቁ። ረዘም ያሉት ዝርያዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ትናንሾቹ የቼሪ ዓይነቶች ከስንት አንዴ ነው።

ጉዝጓዝ ስል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ደረቅ ሣር ማለቴ ነው፤ ከግንዱ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ። አዲስ የታጨደ እርጥብ ሣር ከሆነ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አትከምሩት፤ ይጣበቃል፣ ይግማል፣ ውሃም አያሳልፍም።

ገለባውና ፍግ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ እንዳትረሱ። ለግጦሽ መሬት የሚረጩ አንዳንድ ፀረ አረሞች በእንስሳው ሆድ አልፈው፣ በብስባሽ ክምር ውስጥም ተርፈው ቲማቲምና ፎሶልያ ያጣምማሉ። አዲሱ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ይቀጥናል። ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ሲረጭ ወቅቱ ያልፍበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የምትጠራጠሩትን ብስባሽ ከንጹሕ አፈር ጋር እኩል ቀላቅላችሁ በሁለት ሦስት ዕቃ አድርጉ፣ በሌላ ዕቃ ንጹሕ አፈር ብቻ፤ በየዕቃው ሦስት ሦስት የፎሶልያ ዘር ዝሩና ሦስት ሳምንት ጠብቁ። በብስባሹ የበቀሉት ብቻ ከተጠማዘዙ ክምሩን መደብ ላይ አታድርሱት። ያልተብላላ ፍግ ደግሞ አፈር የሚነካ አትክልት ከመለቀሙ ቢያንስ 120 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ ሰላጣና ካሮት በጥሬው የሚበሉ ናቸው።

ለቀማውን በተመለከተ፣ ቲማቲም ግንዱ ላይ ካልቀላ አይጣፍጥም የሚለው እምነት ብዙ ፍሬ ያስበላል። ከታች በኩል ሮዝነት ብቅ ካለበት ጊዜ ጀምሮ ፍሬው የሚያስፈልገውን ይዟል። በዚያ ደረጃ ተለቅሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል፣ ከፀሐይ ርቆ ቢቀመጥ በሚገባ ይበስላል፤ ከወፍም፣ ከመሰንጠቅም ይድናል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሰነብት እንዲያውም ቀዩ ቀለም መሠራቱን ያቆማልና ግንዱ ላይ የቀረው ብርቱካናማ እንደ ሆነ ይቀራል። ያልበሰለውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፤ ብርዱ መብሰሉን ያቋርጠዋል፣ ሥጋውንም ዱቄታማ ያደርገዋል።

ኪያር፣ ዝኩኒና ፎሶልያ በተቃራኒው ሳይጎለምሱ ነው የሚለቀሙት። ዝኩኒን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቁረጡት፤ ፎሶልያን በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ እህሉ ከቆዳው ላይ ጎልቶ ሳይታይ። ቅጠሉ ጠል ካለበት ግን እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ዋግና ሌሎች በሽታዎች በእርጥብ እጅ ከተክል ወደ ተክል ይሄዳሉ። አንድ ኪያር ተረስቶ ቢጫ ከሆነ ተክሉ ዘር አፍርቻለሁ ብሎ አዲስ ማፍራቱን ያዘገያል። ትልቁን ለማሳየት ብሎ የሚያቆይ ሰው፣ ውድድሩን ቢያሸንፍም አሥሩን ትናንሽ አጥቷል።

የዝኩኒ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ከበሰበሰ በአብዛኛው ያልተዳቀለ አበባ ነው። ንብ ካነሰ በእጅ ይሠራል፦ በማለዳ፣ አበቦቹ ክፍት ሳሉ፣ ቀጭን አገዳ ያለውን ወንዴ አበባ ቆርጣችሁ የአበባውን ቅጠሎች ንቀሉ፤ ብናኙን ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ባለባት ሴቴ አበባ መሐል በሁሉም በኩል አስነኩ። አንድ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ወንዴዎቹ ብቻ ቢያብቡ አትደንግጡ፣ ሴቴዎቹ ይከተላሉ።

ስለ ተባይ አላበዛም። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከቅጠል ሥር ሲታይ መጀመሪያ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ነው። ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ለተክል የተዘጋጀ ፈሳሽ ሳሙና፤ ማታ፣ የቅጠሉን ሥር በደንብ እያራሱ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ሲደርቅ ሥራው ያበቃል፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። አስቀድማችሁ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክራችሁ አንድ ቀን ቆዩ።

በስተግራ ያለው የዘር ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ዘንድሮ ጠበቅ እንላለን። ስሙና የተሰበሰበበት ዓመት ያልተጻፈበት ፖስታ አይቀመጥም። ኤፍ 1 ከሚባለው ዲቃላ የተወሰደ ዘር ከሆነም ይጻፍ፤ ልጁ እናቱን አይመስልም፣ የሚወስደው ሰው ይህን ዐውቆ ይውሰድ። ቲማቲምና ፎሶልያ በአብዛኛው ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ዘራቸው ይታመናል። የቲማቲሙን ፍሬ ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁ፣ ጥቂት ውሃ ጨምሩ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ በቀን አንዴ አማስሉት። ዝልግልጉ ዘሩ እንዳይበቅል የሚያግድ ነገር አለበት፤ ሲቦካ ይለቃል። ደኅናው ዘር ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። በወንፊት አጥባችሁ ሳህን ላይ አስጡት፤ ወረቀት ላይ ከሆነ ይጣበቃል። ብዙ ቀን ከረሳችሁት ብርጭቆው ውስጥ ይበቅልላችኋል።

የዝኩኒና የዱባ ዘር ግን፣ አበባው በእጅ ተዳቅሎና ታስሮ ካልተጠበቀ በስተቀር፣ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ አልፈቅድም። ንብ የአንዱን ብናኝ ለሌላው ታደርሳለች፤ ለጌጥ ከሚተከሉት መራር ዱባዎች ጋር የተዳቀለ ዘር የሚሰጠው ፍሬ መርዛማ ሊሆን ይችላል። መራራነቱ በምግብ ማብሰል አይጠፋም። ቤታችሁም ቢሆን ዝኩኒ ወይም ዱባ ቀምሳችሁ ከመረራችሁ ትፉት፣ ድስቱንም ድፉት፤ ቅመም ጨምሮ ለማዳን መሞከር አያዋጣም።

ችግኝ የምትለዋወጡ ሰዎች ሥሩን ተመልከቱ። ሥሩ ራሱ እዚህም እዚያም አብጦ እባጭ ካወጣ ከአፈሩ ጋር ነማቶድ የሚባለውን በዓይን የማይታይ የሥር ትል ወደ ጓሮአችሁ እያስገባችሁ ነው፤ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ የዓመታት ሥራ ነው። መቀሳችሁን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት።

ማሰሮና ጠርሙስ ይዘው ለመጡት አንድ ቃል አለኝ፤ ይህ ከጣዕም በላይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም በሶብላ በዘይት ነክሮ በክፍል ሙቀት ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ቦታ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ተህዋስ ያድጋል፤ ሽታም፣ የቀለም ለውጥም ላይኖር ይችላል። ቤት የተዘጋጀ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ4 ቀን ውስጥ ይለቅ፤ ስለዚህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም። በጠርሙስ የታሸገ ፎሶልያም እንዲሁ፦ የፈላ ውሃ ቢበዛ 100 ዲግሪ ነው፣ የተህዋሱ ዘር ያንን ይቋቋማል፤ ከ115 ዲግሪ በላይ የሚደርስ የግፊት ማሸጊያ ድስት ይፈልጋል። ቲማቲም አሲዱ ድንበር ላይ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 4.6 አካባቢ ስለሚዋልል ለአንድ ሊትር 30 ሚሊ ሊትር የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። የታሸገው የተመረጠው አሲዱ የተለካ ስለሆነ ነው፤ ከዛፍ የተለቀመው ሎሚ እንደየፍሬው ይለያያል። እንዴት እንደ ተሠራ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ካለ እባካችሁ መልሳችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አድርጉት።

የዛሬው ሥርዓት እንዲህ ነው። እስከ ሻይ ሰዓት በየጠረጴዛው ልምድ ያላቸው አባላት ቆመው ጥያቄ ይቀበላሉ። የታመመ ቅጠል ለማሳየት ያመጣችሁ በታሰረ ፌስታል ውስጥ እንዳለ በመግቢያው በኩል ወዳለው ትንሽ ጠረጴዛ ውሰዱት፤ ወደ ምግቡና ወደ ችግኙ አታስጠጉት። መልስ የሚሰጡትን «ስንት?» እና «ለምን?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትለቋቸው፤ አፈራችሁ ምን ዓይነት እንደ ሆነም ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከሻይ በኋላ የምርት እደላው ይጀመራል፤ ዝኩኒው በመጀመሪያ ይወጣል።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ። አመሰግናለሁ።