ዘላለምን ላስተዋውቃችሁ፦ ዘላይ ሸረሪት ቤት ውስጥ ማሳደግ

እንዴት ሰነበታችሁ! ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ ብቻዬን አይደለሁም። ጣቴ ላይ ያለችውን አያችኋት? ዘላለም ትባላለች። ትዘላለቻ! ዕድሜዋ ግን ዘላለም አይደለም፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ዓመት ነው።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት እሷን አይመለከትም። ለአደን ድር አትዘረጋም። አይታ፣ አድብታ፣ ዘላ ነው የምትይዘው። ስምንት ዓይን አላት፤ የፊቶቹ ሁለቱ ትልልቅ ናቸው። እኔ ስንቀሳቀስ ዞራ ታየኛለች። እዩዋት! እንደገና ዞረች።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ደጀን ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አፋፉ ላይ ቆማችሁ ማዶ ጎሐ ጽዮንን ስታዩ እጅ ዘርግታችሁ የምትነኩት ይመስላል። አውቶቡሱ ግን በአየር አይሄድም። ይወርዳል። ይጠማዘዛል፣ ደግሞ ይወርዳል። ጆሯችሁ ይደፈናል። አጠገባችሁ ያለው ሰውዬ ፌስታል ይለምናል። ጎሐ ጽዮን ከዓይን ትጠፋለች። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ እንደገና ሽቅብ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ ታዲያ "ማዶው አልታየኝም" ብሎ ይመለሳል? አይመለስም። የት እንደሚሄድ ያውቃላ!

ዘላለምም እንደዚያው ናት። ዝንቧ ማዶ ቅርንጫፍ ላይ ከሆነች መጀመሪያ ቆም ትላለች። መንገዱን በዓይኗ ትለካለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ትወርዳለች። ዝንቧ ከዓይኗ ጠፋች፤ እሷ ግን አልረሳቻትም። ዞራ በወዲያ በኩል ብቅ! ጭንቅላቷ እኮ ከምስር ፍሬ ያንሳል።

ዝላዩን ቶሎ ልበለው። እግሯን የሚያጥፈው ጡንቻ ነው፤ የሚዘረጋው ግን በዋናነት የደም ግፊት። ደሙን ትገፋለች፣ የኋላ እግሮቿ ቀጥ ይላሉ፣ ተወነጨፈች። የኤክስካቫተር ክንድ በሉት፣ በዘይት ፈንታ ደም ያለው። ከመዝለሏ በፊት ክር ትለጥፋለች፤ ብትስት ትንጠለጠላለች። አለቀ።

ምርጫው ላይ እንምጣ። ውጭ አገር ሰው የሚያሳድጋት የአሜሪካዋን ፊዲፐስ ሬጂየስን ነው። ቆንጆ ናት፤ እኔ ግን አልቀናም። ረፋድ ላይ ፀሐይ የመታው ግድግዳችሁ ላይ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ዝንብ የምታሳድድ አለች አይደል? እሷ ትበቃለች። ትንሽየዋን ምረጡ፤ ትልቋ ዕድሜዋን ጨርሳ ይሆናል። ሆዷ ሞላ ያለ ይሁን። ከተጨማደደ ተርባለች ወይም ተጠምታለች። ሁለት አታስገቡ! ነገ አንድ ታገኛላችሁ፤ ወፍራም አንድ።

ቤቷ? የለውዝ ቅቤ ፕላስቲክ ዕቃ በጋለ ወስፌ በስቼ ገልብጬ አቆምኩት፤ ክዳኑ ከታች ነው። መኝታዋን ጣሪያው ላይ ስለምትሠራ ከላይ ከከፈታችሁ ቤቷን ታፈርሳላችሁ። ጭራሮ ጨምሩ። ውኃ ግድግዳው ላይ እርጭ ታደርጋላችሁ፤ ጠብታውን ትጠጣለች። በሁለት ሦስት ቀን አንድ ዝንብ። ፍሊት የተነፋበት ቤት ዝንብ ግን መርዝ ነው!

ደግሞ መኝታዋን ዘግታ ሳምንት ከጠፋች አትጎርጉሩ፤ ቆዳዋን እየቀየረች ነው። እናቴ "ሞታለች፣ ጣላት" ስትለኝ የመጀመሪያዋን ከነሕይወቷ ልጥላት ነበር። ክዳኑን ስከፍት እግሯን አነቃነቀች።

ሌላም ልጨምር ነበር፤ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁት አላስቻለኝም። "ሸረሪት ስትሸናብህ እናይሃለን!" አንዱ ብቻ ቢሆን እሺ፤ ግማሹ አስተያየት እሱ ነው። እናቴም ይህንኑ ነው የምትለው።

ስሙኝ። ያ በአንድ ጎን ተሰልፎ ውኃ የሚቋጥረው፣ የሚያቃጥለው ቁስል አልማዝ ባለጭራ ነው። ሸረሪት የለችበትም። ልጅ ሳላችሁ ጉድፍ ይዟችሁ ከነበረ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ዓመታት ቆይቶ፣ ሰውነት ሲደክም፣ ይነሳል። ነርቩን ተከትሎ ስለሚወጣ ነው መስመር የሚሠራው። ሰው ጠዋት ነቅቶ ቁስሉን ያያል፣ ቀና ሲል ጣሪያው ላይ ሸረሪት አለች፤ ፍርዱ ተሰጠ! እንዲህ ያለ ነገር ከወጣባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው የሚበጀው። ሸረሪት ስታሳድዱ ሦስቱ ቀን ያልፋል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛዋ ጥንዚዛ ናት። ቀጭን፣ ብርቱካናማና ጥቁር፣ ማታ መብራት ተከትላ የምትገባ። አንገታችሁ ላይ ስትጨፈልቋት ፈሳሿ ቆዳችሁን ያቃጥላል። እፍ በሏት እንጂ አትጨፍልቋት።

የዘላለም ኩስ ነጭ ጠብታ ነው፤ እጄ ላይ ስንቴ ጥላዋለች። ይኸው እጄ። ንክሻዋስ? ካልጨበጣችኋት አትነክስም። ብትነክስም አብዛኛውን ጊዜ ከንብ ንድፊያ አይብስም።

በሉ ሰብስክራይብ... ቆይ፣ ቆይ። ዝንቧን አየቻት። ጀርባዋን ሰጠቻት፤ ወደ ታች ልትዞር ነው። ዝም በሉ፤ ዓባይ በረሃን እየወረደች ነው።