የካዝናውን ቁጥር ማን ያውቃል? የቤተሰብ አባልን በመሣሪያ አደራ ውስጥ ባለአደራ ስለማድረግ

[ምስል፦ ምድር ቤት ውስጥ የቆመ ግራጫ የብረት ካዝና። የሴት እጅ ቁጥሮቹን ትነካለች።]

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ አንድ ቤት አስቡ። አባወራው ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ተኩስ ይለማመዳል። ጆሮው እንዳይጎዳ ብሎ ለጠመንጃው የድምፅ ማፈኛ ገዛ፤ በስሙ አስመዘገበ፤ ፈቃዱም መጣለት። ዛሬ እርሱ ሥራ ላይ ነው። ባለቤቱ ፓስፖርቷን ፈልጋ ካዝናውን ከፈተች። ፓስፖርቱ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ማፈኛው ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሥሩ ተቀምጧል። አልነካችውም። ፓስፖርቷን ወስዳ ካዝናውን ዘጋች።

ወንጀል ሠርታለች? ምናልባት ማንም አይጠይቃት ይሆናል። ነገር ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች «ይዞ መገኘት» የሚሉት በእጅ መጨበጥን ብቻ አይደለም። ዕቃው መኖሩን የሚያውቅ፣ በፈለገ ጊዜም አውጥቶ ሊያዝበት የሚችል ሰው እንደያዘው ሊቆጠር ይችላል። በስሙ ያልተመዘገበ ማፈኛ የያዘ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት ደግሞ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል።

የመሣሪያ አደራ የሚባለው፣ ማለትም መሣሪያውን በስም የተጠቀሱ ባለአደራዎች ሁሉ በሕግ እንዲይዙት የሚያስችለው ሰነድ፣ ለብዙ ቤተሰብ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

[ምስል፦ «1934» የሚል ቁጥር፤ ከጎኑ ማፈኛ፣ አጭር ጠመንጃ፣ መትረየስ።]

ለተራ ሽጉጥና ለተራ የአደን ጠመንጃ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የምንነጋገረው በ1934 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራል ሕግ ለይቶ ስለሚቆጣጠራቸው መሣሪያዎች ነው፤ የድምፅ ማፈኛ፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ፣ መትረየስና የመሳሰሉት። ሕጉ ሲወጣ የተጣለው ግብር 200 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ። ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ግብሩ ለማፈኛና ለአጭር ጠመንጃ ዜሮ ሆኗል፤ ለመትረየስ ግን እንዳለ ነው። «ግብሩ ቀርቷልና ምዝገባውም ቀርቷል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትመኑ። ምዝገባው አልቀረም።

አሁን መሣሪያው በግለሰቡ ስም ሳይሆን በአደራው ስም ይመዝገብ። አደራውን የሚያቋቁመው ሰው ንብረቱን ያስገባል፤ ባለአደራዎች ይዘውት ያስተዳድሩታል፤ ተጠቃሚዎች ደግሞ ወደፊት ይደርሳቸዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ አደራ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «አደራ በላ» ከሚለው ስድብ የሚከብድ ስንት አለ? ልዩነቱ እዚህ አደራው በወረቀት ላይ መስፈሩና ወረቀቱ ላይ ስሙ የሌለ ሰው በቃል አደራ ብቻ ሊከራከር አለመቻሉ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባለአደራንና ተጠቃሚን ሲያምታታ ነው። «ወንድሜ ቅር እንዳይለው» ብሎ ስሙን በባለአደራነት የሚያስገባ አለ። ይህ የሠርግ ጥሪ አይደለም። ባለአደራ ማለት መሣሪያውን ከካዝና አውጥቶ ብቻውን ይዞ መሄድ የሚችል፣ ሰነዱ ከፈቀደለትም መሸጥ የሚችል ሰው ነው። የ14 ዓመት ልጃችሁ ተጠቃሚ መሆን ይችላል፤ ባለአደራ ግን አይሆንም። ባለቤታችሁ የካዝናውን ቁጥር የምታውቅ ከሆነ ባለአደራ ትሁን። ወንድማችሁ በዓመት አንድ ጊዜ አብሯችሁ ለመተኮስ ከሆነ የሚመጣው፣ እናንተ አጠገቡ እስካላችሁ ድረስ ስሙ መግባቱ ግድ አይደለም።

[ምስል፦ በቀለም የተነከረ አውራ ጣት በካርድ ላይ ሲያርፍ።]

ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) በፊት የባለአደራ አሻራ አይጠየቅም ነበር። ዛሬ አደራው አዲስ መሣሪያ ለማስመዝገብ ባመለከተ ቁጥር እያንዳንዱ ባለአደራ ቅጽ 5320.23 ይሞላል፤ ፎቶግራፍና አሻራ ይሰጣል፤ የቅጹ ቅጂም ለአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ ይላካል። አምስት ባለአደራ ካላችሁ አምስት ሰው አሻራ ሊያስነሣ ነው። አንዱ ሥራ በዛብኝ ካለ ሁሉም ይጠብቃል። እኔ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል እላለሁ።

የጊዜው ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። ፈቃዱ ከመጣ በኋላ አዲስ ባለአደራ ሲጨመር ለኤቲኤፍ፣ ማለትም ለፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ ቢሮ፣ ያን ጊዜውኑ አሻራ መላክ አይጠበቅም፤ የእርሱ ተራ የሚደርሰው በሚቀጥለው ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው በመታየት ላይ እያለ ከመጨመር ግን ውሳኔው እስኪመጣ መታገሥ ይሻላል።

አጨማመሩ ራሱ ረጅም አይደለም። የአደራ ሰነዳችሁን አውጡና ስለ ማሻሻያ የሚናገረውን አንቀጽ አንብቡ፤ ማን እንደሚፈርም፣ ምስክር ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። በዚያ መሠረት የማሻሻያ ጽሑፍ ይዘጋጃል፤ አደራውን ያቋቋመው ይፈርማል፤ አዲሱ ባለአደራም ኃላፊነቱን መቀበሉን ይፈርማል፤ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቢሆን ይመረጣል። ከበይነ መረብ በርካሽ የተገዛ ሰነድ ይህ አንቀጽ ጭራሹን ላይኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠበቃ ጋ መሄድ ነው።

ከመፈራረማችሁ በፊት ግን አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ መጠየቅ ግድ ነው። ይህ ሰው መሣሪያ መያዝ በሕግ ተከልክሏል? አደራው የተከለከለን ሰው አያነጻውም። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት አይችልም። ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሚስቱን በመምታት በቀላል ወንጀል የተፈረደበትም አይችልም፤ «የድሮ ነገር ነው፣ በሽማግሌ ታርቀናል» ቢል ሽምግልናው የፍርድ ቤቱን መዝገብ አይፍቀውም። በእኛ ቤተሰቦች ደግሞ የቪዛ ጉዳይ አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መያዝ ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣ የእኅት ልጅ ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም። እናንተው ቤት ውስጥ እየኖረ ቢሆንም እንኳ። እንግዲያው የካዝናውን ቁጥር እርሱ አይወቅ።

ሞት ሲመጣ ደግሞ በሰነዱ የተጠቀሰው ተተኪ ባለአደራ መሣሪያውን ይረከባል፤ ለተጠቃሚው ሲያስተላልፍም ከግብር ነፃ በሆነ ቅጽ ያስፈቅዳል። ፍቺ ከመጣ እንደ አጨማመሩ ሁሉ መቀነሱም በጽሑፍ ይሁን፤ የካዝናው ቁጥርም በዚያው ቀን ይለወጥ።

[ምስል፦ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ፤ ማዶ ዋሽንግተን።]

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አደራው ያለ ነውር ቢጻፍ፣ ባለቤታችሁም ስሟ ቢገባ፣ የክልሉን ሕግ አይሽረውም። ማፈኛ በቨርጂኒያ ይፈቀዳል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ግን ክልክል ነው። ቅዳሜ ከልምምድ መልስ ወንዙን ተሻግራችሁ እንጀራ ልትበሉ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ቤት ግቡና ማፈኛውን አስቀምጡ።