«አፑ አልተጫነም»

እሺ... ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ጀምሬ የተውኳት ነገር አልለቀቀችኝም። ያቺ «አፑ አልተጫነም» የምትለዋ። ሰላም ሳልል ገባሁበት፤ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ቅጽበቷን ቀስ ብለን እንያት። አንድ ሰው ከቴሌግራም ቻናል «አዲሱ ቨርዥን» የተባለ የባንክ አፕ አወረደ፣ ኤፒኬ፣ የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል ማለት ነው። ነካው። ስልኩ «ከዚህ ምንጭ ልጫን ወይ?» ብሎ ጠየቀ፣ ፈቀደ። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ፣ ከ2017 ማለት ነው በፈረንጅ፣ ይሄ ፈቃድ የሚሰጠው ለየአፑ ነው፤ ድሮ አንዷን ማብሪያ ከነካህ ለሁሉም ተከፈተ። እና ፈቀደ፣ መጫን ጀመረ፣ ከዚያ ቀጥ። «አፑ አልተጫነም»። አዳዲሶቹ ስልኮች «ከነባሩ ጋር ይጋጫል» ዓይነት ሐረግ ይጨምራሉ። ሌላ የለም።

ሰውየው ኮሜንት ውስጥ ገባ። አንዱ «የድሮውን አጥፍተህ ጫነው፣ ይሠራል» ብሏል። አጠፋው። ጫነው። ሠራ።

እዚህ ጋ ነው የምቆመው። ስልኩ ምን እያለው ነበር? እያንዳንዱ ኤፒኬ በሠሪው ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈረማል። አንድሮይድ አፕዴትን የሚቀበለው የፓኬጁ ስም፣ ስልኩ አፑን የሚለይበት የውስጥ ስም ማለት ነው፣ አንድ ሆኖ ፊርማውም ሲገጥም ብቻ ነው። ምክንያቱም አፕዴቱ የነባሩን አፕ ዳታ ይወርሳል፤ የገባህበትን አካውንት፣ የተቀመጠውን ቁልፍ፣ ሁሉንም። ፊርማው አልገጠመም ማለት «ይሄን የሠራው ያኛው አይደለም» ማለት ነው። ስልኩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ግን አልተናገረም! ዘበኛው ሌባውን በር ላይ አስቁሞ ባለቤቱን «በሩ ትንሽ ይጣበቃል» እንዳለው ነው። ባለቤቱ ምን ያድርግ? ገፍቶ ከፈተው።

ሌላም ችግር አለ። ፋይሉ በግማሽ ወርዶ ቢበላሽ፣ ቦታ ቢሞላ፣ ቨርዥኑ ካለህ የቆየ ቢሆን፣ ወይም ለ64 ቢት ብቻ ተሠርቶ ስልክህ 32 ቢት ቢሆን፣ ብዙ ስልኮች ላይ የምትመጣው ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት። ስለዚህ ሰው ማንበብ ይተዋል። ዊንዶውስ ቪስታን የነካችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ነገር «ትፈቅዳለህ?» ነበር፤ ሰው እጁ ራሱ «እሺ» ይላል፣ ዓይኑ ሳያይ። በ2009 ዊንዶውስ 7 ጥያቄውን ቀነሰው። ሳልትዘር እና ሽሮደር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ገና በ1975 ከደኅንነት መርሆዎቻቸው መካከል ይቺን አስቀምጠዋል፦ መከላከያው ሰው ሳይቸገር የሚጠቀምበት ካልሆነ በትክክል አይጠቀምበትም። 1975! እና ዛሬም... ይሁን።

አሁን «በቀይ ቀለም 'አደጋ' ብሎ ይጻፍዋ» ትላላችሁ። እኔም ወደዚያ እሄድ ነበር። ግን ኤፍ-ድሮይድን አስቡ፣ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆነ አፖችን የሚያድለውን ማከማቻ። አብዛኛውን አፕ ከምንጭ ኮዱ ራሱ ገንብቶ በራሱ ቁልፍ ይፈርማል። የፕሌይ ስቶሩን አፕ ይዘህ ወደ ኤፍ-ድሮይዱ ልሻገር ብትል ያው ግጭት ይመጣል፣ ክፋት የሌለበት። ቁልፉ የጠፋበት ሐቀኛ ዴቨሎፐርም ተጠቃሚዎቹን «አጥፍታችሁ ጫኑ» ከማለት ሌላ መንገድ የለውም። አያችሁ? ጥሩ ሰዎችም ያንኑ እያስተማሩ ነው። ሌባው ደግሞ ብልህ ከሆነ የፓኬጁን ስም ይቀይርና ምንም ሳይጋጭ ከዋናው ጎን ይቀመጣል።

ቆይ፣ የሚሠራውን ልበል። ያ መልእክት ሲመጣ የድሮውን አታጥፉ። ስታጠፉት ዳታውም አብሮ ይሄዳል፤ የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጭ አፕ ከሆነ ባክአፕ ከሌላችሁ ቁልፎቹ ጠፉ ማለት ነው። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ አፕዴት መኖሩን እዩ። ኮምፒውተር ያላችሁ ኤፒኬ-ሳይነር በሚባለው መሣሪያ የፊርማውን ሰርተፍኬት የሻ-256 አሻራ፣ ያቺን ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ፣ አውጡና ሠሪው በራሱ ገጽ ካሳወቀው ጋር አመሳክሩ፣ መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን። የተደራሽነት ፈቃድ (አክሰሲቢሊቲ፣ አካል ጉዳተኞችን ለማገዝ የተሠራው) የሚጠይቅ የባንክ አፕ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው አልቋል፤ ያ ፈቃድ ስክሪን ያነባል፣ በአንተ ፈንታ ስክሪኑን ይነካል። አንድሮይድ 13 ከስቶር ውጭ ለተጫነ አፕ ይሄን ዘግቶታል፤ ግን ሴቲንግ፣ አፕስ፣ አፑ፣ ከላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ «የተገደበውን ፍቀድ»... ተከፈተ። ስልክ ይዞ የሚመራህ አጭበርባሪ ይቺን መንገድ በቃሉ ያውቃታል።

ጉግል ደግሞ በነሐሴ 2025 ነገሩን ከሥሩ ልያዘው አለ፦ ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ዴቨሎፐር አፕ በተለመዱት አንድሮይድ ስልኮች ላይ አይጫንም፤ ከ2027 ወዲህ ወደ ሌላውም ዓለም ይሰፋል። የመጀመሪያ ስሜቴ «ተገላገልን» ነበር። ቀጥሎ ግን ቆፈነነኝ። ለሰፈሩ ልጆች መዝገበ ቃላት ሠርቶ በቴሌግራም የሚያድል ልጅ አለ፤ ስሙን ለአንድ ኩባንያ ሳያስመዘግብ ሥራው ሰው ስልክ ላይ አይቀመጥም ማለት እኮ ነው። ተቃውሞው ሲበዛ ለተማሪዎች ቀለል ያለ አካውንት፣ አደጋውን አውቆ ለሚቀበል ሰው ደግሞ ረዘም ያለ መንገድ እንተዋለን አሉ፤ በኬብል ከኮምፒውተር መጫኑም ይቀጥላል ተብሏል። ደግ ነው። ግን ስልኩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

እኔ ግድቡ መጫኛው ላይ ሳይሆን ፈቃዱ ላይ ቢሆን እላለሁ። ጫን፣ ያንተ ስልክ ነው። የተደራሽነት ፈቃድ ልትሰጥ ስትል ግን አንድ ሰዓት ይዘግይ፤ አጭበርባሪው የሚኖረው በጥድፊያ ነው፣ አንድ ሰዓት መስመር ላይ ይዞህ አይቆይም። ይሄን ወድጄው ነበር... ከዚያ ግን ዓይነ ስውር የሆነ ሰው መጣብኝ። ስክሪን አንባቢውን፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለትን አፕ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ ያመጣ ሰው። ለእሱ ያ ፈቃድ ማለት ስልኩ ራሱ ነው። አንድ ሰዓት ጠብቅ ልበለው? ወይ ለእሱ ለይቼ ልክፈት፣ እና ሌባውም «ዓይነ ስውር ነኝ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫናት ሊለው... አላውቅም። ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በተለይ ስክሪን አንባቢ የምትጠቀሙ፣ ምክንያቱም እኔ እዚህ ጋ...