ጥቁሩን ቀርቦ ማየት፦ የቫሎቶን «ላርዣን»

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ አንዲት ወረቀት ላይ ብቻ እንቆያለን። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሠዓሊ ፌሊክስ ቫሎቶን እ.ኤ.አ. በ1898 ፓሪስ ውስጥ የሠራው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነው፤ ስሙ «ላርዣን»፣ ገንዘብ። ስፋቱ 18 በ22 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው።

በስተግራ ነጭ የለበሰች ሴት ወደ ውጭ ታያለች። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ተጠግቷት እጁን ዘርግቶ ያግባባታል። ከእሱ በስተቀኝ፣ ከሥዕሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ድፍን ጥቁር ነው። የኮቱ ጀርባ የት እንደሚያልቅ ብትፈልጉ አታገኙትም።

በዚህ ሙያ ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው የእንጨቱ ገጽ ነው፤ ተፈልፍሎ የወጣው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጥቁር ቢላ ያልነካው እንጨት ነው። አድካሚው ሴትዮዋ ያለችበት ጎን ነው። እሷን የሚለያት ቀጭን ጥቁር መስመር እንዲቀር እንጨቱ ከግራም ከቀኝም ይነሣል፤ የሚተርፈው ስስ ጠርዝ ነው። ቢላው ካመለጠ ጠርዙ ይሰበራል፤ ቦታው ተቦርቡሮ አዲስ እንጨት ካልተሰካበት በቀር አይጠገንም።

አታሚውን የሚያስጨንቀው ግን ጥቁሩ ነው። ቀለሙ ካነሰ ጥቁሩ ውስጥ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። ይህን ፈርቶ ካበዛው ደግሞ ቀለሙ ወደ ቀጫጭኑ ክፍተት ይፈስና መስመሩን ያደፈርሰዋል። መላው ስስ ቀለም ደጋግሞ መቀባት፣ በማተሚያውም ላይ ጥቁሩ በሚያርፍበት በኩል ብቻ ስስ ወረቀት ደርቦ ጫናውን መጨመር ነው። አንድ ቅጂ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ቦታዎች አስተያዩ።

መብራቱን ከጎን አድርጉና 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዩት። የጥቁሩ ጠርዝ ላይ ተገፍቶ የተከማቸ፣ ከመሐሉ ጠቆር ያለ ቀጭን የቀለም ዳር ከታየ ከፍ ካለ ገጽ የታተመ ነው። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ከታዩ ግን የዘመናችን ማሽን ቅጂ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ ከፎቶ ተነሥቶ በዚንክ ሰሌዳ የታተመ ቅጂም ያንኑ ዳር ያሳያል፣ ነጥብም የለውም። ያን ጊዜ የሥዕሉን ልክ በሚሊ ሜትር ከታወቀ ቅጂ ጋር ማመሳከር፣ ወረቀቱንም መመርመር ግድ ነው።

ሥራው «አንቲሚቴ» (የቅርብ ግንኙነቶች እንደ ማለት) ከተባሉት 10 ኅትመቶች አንዱ ነው። ያሳተመው «ላ ረቪ ብላንሽ» መጽሔት ሲሆን የታተመው 30 ቅጂ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተቀረጹት የእንጨት ሰሌዳዎች ተቆራርጠዋል፤ ለማስረጃም ከአሥሩም የተወሰዱ ቁርጥራጮች በአንድ ወረቀት ላይ ታትመዋል። እንግዲህ «ከዋናው ሰሌዳ ኋላ የታተመ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ከየትኛው ሰሌዳ እንደሆነ ጠይቁት።