ፈረቃ ይኖረዋል?

እሺ... ይሰማል? ይሰማል። ዶሮውም ዛሬ አብሮን ነው፤ ናፍቆናል ያላችሁ ይኸው።

ስለ ጎርጎራው ጉዞ አወራለሁ ብዬ ነበር። ለሌላ ጊዜ ይሁን። እዚህ ባሕር ዳር፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ያለበት ሰፈር፣ ቡና ላይ የተባለ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

እትዬ ቤት ነን። የእማዬ የፋብሪካ ጓደኛ፣ ታውቋቸዋላችሁ። ቶናው እየተቀዳ ነው። አንድ ጎረቤት ሰፈሩ እንዴት እንደቀዘቀዘ አነሳ። እኔ ወዲያው ሞቅ አለኝ። የድሮዎቹ የሽመና ማሽኖች የሚታዩበት ሙዚየም ቢኖር አልኩ። ከጎኑ ዓባይን የሚያይ ካፌ። ወጣቶች ዲዛይን የሚሠሩበት ቦታ። እትዬ አፌን እያዩ ያዳምጣሉ። የሽመና ማሽን ድምፅ የትም አገር ጆሮ ያደክማል፤ እሱ ላይ የኖረ ሰው ከንፈር ማንበብ ይለምዳል። ስጨርስ ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

«ፈረቃ ይኖረዋል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጠው መልሴን ይጠብቃሉ። አንዱ ወሬ ቀየረ፣ ስለ ስኳር ዋጋ ተጀመረ። እሳቸው ግን ትንሽ ቆየት ብለው አሁንም አዩኝ። ያ አስተያየት ነው የከበደኝ። ሰውን ለማሳፈር የሚያይ ሰው አይን አልነበረም። በቃ፣ ማወቅ ፈልገው ነው።

ካፌ ስንት ሰው ይቀጥራል? አምስት? ስምንት? ፈረቃ ሲኖር እኮ ሰፈሩ ሌሊትም ሰው ነበረው። ከሥራ የሚወጡትና የሚገቡት መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ሱቁ በዱቤ ይሰጣል፣ ደመወዝ መቼ እንደሚወጣ ያውቃላ። ዕቁቡም በዚያው ቀን ይጣላል። እኔ ሙዚየም ስል ይሄ ሁሉ አልታየኝም። ወይም ታይቶኝ፣ ለፎቶ የሚያምረው ብቻ ነው የታየኝ... እንጃ።

ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ነው። የቆቃ ግድብም ከዚያው ካሳ ነው። የወረራ ካሳ አቡጀዲና አንሶላ ሆኖ መውጣቱ ሁሌ ይገርመኛል። ፋብሪካ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ለሱ ሲባል ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ ተሠራ፤ 11.4 ሜጋ ዋት፣ በፈረንጆቹ 1964። የሙያ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊ ቴክኒኩም፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች ትብብር መጣ፣ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ጨርቃጨርቅ። ታዲያ ሰው ስለ ባሕር ዳር ሲያወራ ዘንባባ፣ ጀልባ፣ ዓሣ፣ አሁን ደግሞ አዲሱ ድልድይ። ድልድዩ ያምራል፣ እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ። ግን ይቺን ከተማ ሴቶች ማሽን ላይ ቆመው እንደሠሯት ማን ያወራል? ይሄ ያናድደኛል። እውነቴን ነው።

ወዴት ሄድኩ... አዎ፣ ሰፈሩ ለምን ቀዘቀዘ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ያረጀ ማሽን መለዋወጫ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ዶላር ይፈልጋል። ጥጡ ከመተማና ከቋራ ነው የሚመጣው። ገበሬው ሰሊጥ ካዋጣው ሰሊጥ ይዘራል፤ ምን ታደርገዋለህ? መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የተለቀመውም ባለበት ይቀራል። ገበያው ላይ ልባሽ ጨርቅ አለ፣ ከውጭ የገባ ርካሽ አንሶላ አለ። በፈረንጆቹ 2022 መግቢያ አጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የመሸጥ ዕድሉም ተዘጋ።

ግን ያለውን ስቆጥር ደግሞ ልቤ ይነሳል። ጥጥ የሚያበቅል መሬት አለ። በጣና ውሃ የሚሠራው የበለስ መብራት ማመንጫ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ሙያውን በእጃቸው የሚያውቁ እናቶች ገና በሕይወት አሉ። ይሄን ሁሉ ይዘን ነው እንዴ ካፌ ብቻ የምናስበው?

ደግሞ ቆይ። የሌሊት ፈረቃን እንዲህ እያቆለጳጰስኩ ነው? የጥጥ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፣ ያ የታወቀ ነው። እማዬ ነግቶ ስትመለስ ተኝታ አታውቅም፤ እኛን ቁርስ አብልታ ልብስ ታጥባለች። ትናንት «ቢጠሩሽ ትመለሻለሽ?» አልኳት። «ስንት ይከፍላሉ?» አለችኝ። ከዚያ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች። ናፍቆትም የለ፣ ምሬትም የለ። እኔ ነኝ መሰለኝ ናፍቆቱን የያዝኩት።

የእትዬ ልጅ ከዚሁ ኢንስቲትዩት ነው የተመረቀችው፤ አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች። ለጥምቀት ትመጣለች፣ እሷን ልጠይቃት ነው። አዲስ ማሽን ቢገባ፣ የጆሮ መከላከያና የአየር ማጣሪያ ቢኖር፣ ደመወዙ የባንኩን ያህል... የባንኩን ያህል እንኳ ባይሆን፣ ቀረብ ቢል... ትመጣ ይሆን? አይመስለኝም። ወይም እናቷ እዚህ ስላሉ ብቻ... እንጃ፣ እሷ ከመጣች ደግሞ እነዚያ አብረዋት የተመረቁት...