«ይበል ሕዝብ»፦ በጸሎት ውስጥ የእኛ ድርሻ

በፍልሰታ ጾም ዋዜማ በደብረ ማርቆስ ለምእመናንና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተዘጋጀ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ መምህራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንኳን በሰላም ተገናኘን። የሐምሌን ጭቃ ረግጣችሁ፣ ዝናሙን ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ፍልሰታ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚጾማት፣ በዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልታየ ሰው እንኳ ነጠላውን አጣፍቶ የሚመጣባት ጾም ናት። እንዲህ ሰው በሚሰበሰብበት ጊዜ ዋዜማ አንድ ነገር ልናገር ፈለግሁ፤ በጸሎት ውስጥ የእኛ የምእመናን ድርሻ ምንድን ነው?

የቅዳሴ መጽሐፍ ገልጣችሁ የምታውቁ ሰዎች በየአንቀጹ መግቢያ ላይ ትንንሽ ምልክቶች አይታችኋል። «ይ.ካ.» የሚለውን ካህኑ ይላል። «ይ.ዲ.» የሚለውን ዲያቆኑ ይላል። ሦስተኛው «ይ.ሕ.» ነው፤ ይበል ሕዝብ። ጣታችሁን በገጹ ላይ እያስኬዳችሁ ብትወርዱ ይህ ምልክት ደጋግሞ ይመጣል። ሕዝቡ የሚለው ነገር በዳር በኩል የተጨመረ አይደለም። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ይላል፤ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ይመልሳል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል፤ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ፣ ይላል፤ ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን፣ ብሎ ይመሰክራል። ቅዳሴ እንዲህ እየተቀባበለ የሚሄድ ጸሎት ነው። ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ አምስቱ ልኡካን ተሟልተው ገብተው ሕዝቡ ዝም ካለ፣ በአንድ በሬ እንደማረስ ነው።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት በየደብራችን ዙሪያ ያለውን ተመልከቱ። ቅዳሴ ገብቶ ዲያቆኑ ጳውሎስን እያነበበ፣ ግማሹ ሰው ገና ከደጀ ሰላም እየተሳለመ ነው። ግማሹ ከወይራውና ከጥዱ ሥር ጃንጥላውን ተደግፎ ቆሟል። የገበያ ዋጋ ይነሣል፣ የማዳበሪያ ነገር ይነሣል፣ ስልክ ይጮኻል። ከወንጌል በኋላ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ሲባል ያልተጠመቁት ይውጡ መባሉ ነው፤ የተጠመቅነው ግን መጀመሪያውኑ ውጭ ነን። «እትዉ በሰላም» ተብለን ሳንሰናበት ደግሞ ስንቱ ሰው ከተማ ደርሷል። ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ብዙዎቻችን እንዲህ የምንሆነው ቅዳሴ የካህናት ሥራ ነው፣ የእኛ ሥራ መሳለምና መቆም ነው ብለን ስላደግን ነው። ልጅ ሆነን ማንም «ይህ ያንተ ቃል ነው፤ በል» አላለንም።

በጎጃም ይህ መሆኑ ይቆጨኛል። ይህች ከተማ ድሮ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሸራ፣ ከጎንጅ፣ ከዲማ ጊዮርጊስ፣ ከደብረ ኤልያስ የወጡ ሊቃውንት ያልቆሙበት የኢትዮጵያ ቅኔ ማኅሌት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናቶቻችን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በደጅ ለቆመ የቆሎ ተማሪ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ቁራሽ ሰጥተዋል። ለሌላው አገር መምህር ስናፈራ ኖረን፣ እኛው ራሳችን በገዛ ደብራችን «ምስለ መንፈስከ» ማለት የማንችል መሆን አልነበረብንም።

ደግሞ የሚችሉ አሉ። በአንድ የገጠር ደብር የማውቃቸው እናት ፊደል አልቆጠሩም። የሚቆሙት በሴቶች በር በኩል፣ ግድግዳውን ተጠግተው ነው። ዲያቆኑ ገና ትንፋሹን ሲስብ የእርሳቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲባል መቋሚያቸውን አጥብቀው ይዘው ቀና ይላሉ፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲባል ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያቀናሉ። ማን አስተማረዎት ስላቸው፣ «እናቴ አጠገብ ቆሜ ሰማሁት፤ ስሰማው ገባኝ» አሉኝ። ማንበብ አለመቻል ከጸሎት አይከለክልም ማለት ነው። የሚከለክለው አጠገባቸው ቆሞ የሚማርባቸው ልጅ መጥፋቱ ነው።

«ግእዙ አይገባንም» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በዝምታ የሚታለፍም አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የምትለውን የማያውቅ ሰው በምስጋናህ ላይ እንዴት አሜን ይላል ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ለካህኑም ለሕዝቡም ነው። ካህናት አባቶቻችን ንባቡን በአማርኛ እየተረጎሙ፣ ምሥጢሩን ከቅዳሴ በኋላ እያስተማሩ ሊያግዙን ይገባል። እኛ ደግሞ የሕዝቡ ተሰጥዖ፣ ማለትም ሕዝቡ የሚመልሰው ቃል፣ ጥቂት መሆኑን እንወቅ። የባዕድ አገር ዘፈን በአንድ ሳምንት በቃሉ የሚይዝ ወጣት ይህን መያዝ አያቅተውም። ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ በአማርኛም ሆነ በአገውኛ፣ አፍ በፈታንበት ቋንቋ እንጸልይ። «በሰላም ያሳደርከን በሰላም አውለን» ብላ እሳት የምታያይዝ እናት ጸሎቷ ሙሉ ነው።

በቅዳሴው ውስጥ ስለምን እንደሚለመን ያወቀ ሰው ውጭ መቆም አይሆንለትም። ስለ ታመሙት፣ መንገድ ስለ ሄዱት፣ ስለ ተማረኩት ይለመናል። ዝናሙ በሚያስፈልግበት ቦታ እንዲዘንም፣ ወንዞች በልክ እንዲሞሉ፣ ምድር ፍሬዋን እንድትሰጥ ይለመናል። ይህ የማን ልመና ነው? ጤፉን ዘርቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ፣ ልጁን ዐረብ አገር የላከ አባት፣ ታማሚ ቤት ትቶ የመጣ ሰው ነው ባለቤቱ። ዲያቆኑ በስማችን እየለመነልን «ኪርያላይሶን»፣ አቤቱ ይቅር በለን፣ የሚል ድምፅ ካጣ ያሳዝናል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተሰጥዖው ከባድ ነው፤ ቀስ ብዬ ልናገረው። ዲያቆኑ ፍጹም ስለሆነች ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ ብሎ ያውጃል። ሕዝቡም ለዚህ ሰላምታ የበቃን አድርገን ብሎ ክርስቶስን ይለምናል። ከዚያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎንበስ እንላለን። አጠገባችን ላለው ጎንበስ ማለት ቀላል ነው። በወሰን የተጣላነው፣ ደም የተቃባነው፣ በዕድርና በማኅበር የተቀያየምነው ሰው ግን ከወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ዓይናችን ሲያገኘው ይሸሻል። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል። እኛ ጎጃሞች የእርቅ ሥርዓት አናጣም። ሽማግሌ አለን፣ የነፍስ አባት አለን፣ መስቀል ተይዞ ደጅ የሚጠናበት ወግ አለን። በዚህ ፍልሰታ ሱባዔ ለመግባት ያሰበ ሰው ሱባዔውን ከሽማግሌ ቤት ይጀምር። ልቡ ቂም እንደቋጠረ አሥራ አምስት ቀን ጥሬ ቆርጥሞ የሚወጣ ሰው ሆዱን ብቻ አድክሟል።

የቤት ጸሎትስ? ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታልናለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ካለው የተወሰደ ነው። ሰባቱን ሁሉ የሚያደርሱ መነኮሳት አሉ፤ እናንተ እርሻ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ ናችሁ። ግን በሦስት ሰዓት በሬህን አቁመህ አማትበህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም ማን ይከለክልሃል? በስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት መሆኑን አስቦ ራስን ማዘንበል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልቡ ሲቀሰቀስ ብቻ የሚጸልይ ሰው ልቡ ሳይቀሰቀስ ወራት ያልፉበታል። ሰዓት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ «ያንኑ ውዳሴ ማርያም፣ ያንኑ ዳዊት መደጋገም ጌታ ‹በከንቱ አትድገሙ› ያለው አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው የቅን ልብ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ጌታ የነቀፈው ከንቱነቱን ነው፤ በቃል ብዛት እግዚአብሔርን ለማሳመን መሞከሩን ነው። እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ሦስተኛ ጸልዮአል። በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር መዝሙር 135ን ግለጡት፤ 26 ቁጥሮች አሉት፤ በ26ቱም ውስጥ ምሕረቱ ለዘለዓለም ነውና የሚለው ይመለሳል። የደከመ ሰው፣ ያዘነ ሰው፣ ሐሳቡ የተበተነ ሰው አዲስ ቃል ከየት ያመጣል? የተሠራ ጸሎት ያን ጊዜ ይደግፈዋል።

ስለ ሐዘን ካነሣሁ አይቀር፣ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ምን እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ይህ አገር በእነዚህ ዓመታት ብዙ አልቅሷል። ስለ ሰላም ጸልያ ልጇን የቀበረች እናት በመካከላችን አለች። «ጸለይሁ፤ አልሰማኝም» ብላ ደጁን ብትተው ማን ይፈርድባታል? እኔ ለእርሷ የምሰጠው ማብራሪያ የለኝም። የማሳያት ግን አለ። ዳዊት መዝሙር 12 ላይ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። መዝሙር 21 «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ጌታም በመስቀል ላይ ይህንኑ ጮኾበታል። ይህ ልቅሶ ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ውጭ አልተጣለም፤ በየሳምንቱ ከሚደገመው ዳዊት ውስጥ ነው። እናቴ፣ ልቅሶሽን ይዘሽ ነይ። ሳትታረሚ፣ ሳትጽናኚ ነይ። የአንቺም ቃል ተጽፏል።

ሌላው ትልቁ ድርሻችን ቅዱስ ቁርባን ነው፤ ይህን ባጭሩ ልበል፣ አባቶች በሰፊው ያስተምሩታልና። ዛሬ ወደ ቁርባን የሚቀርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው ማለት ይቻላል። መካከሉ ባዶ ነው። ከሃያ እስከ ሃምሳ ያለው ሰው የት ሄደ? «ወጣት ነኝ፤ ስሸመግል» ይላል። ቅዳሴው የሚቀደሰው እንድንቀበለው ነው። የነፍስ አባት ይዛችሁ፣ ንስሐ ገብታችሁ፣ ባልና ሚስት ተመካክራችሁ ቅረቡ። ፍልሰታ ለዚህ ከሚመች ጊዜ አንዱ ነው።

በመጨረሻ የሥራ ነገር። በፍልሰታ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ አለ፤ ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ብዙዎቻችን በቅጥር ግቢው ተቀምጠን እናሳልፈዋለን። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በዚያ ሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ተሰጥዖ ያስጠናሉ። ማንበብ የሚችል በመጽሐፍ፣ የማይችል በቃሉ ይያዝ። አያቶች የልጅ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አቁሙ። የምታውቁ እናቶች ድምፃችሁን ከፍ አድርጉልን፤ ከእናንተ እንማራለን። ዝናም ቢጥል በቅድስቱ በኩል እንጠጋለን፤ ከዛፉ ሥር የሚቀር ሰው አይኑር።

አሁን አባታችን ጸሎት ያሳርጉልናል። አቡነ ዘበሰማያትን ሁላችንም በአንድነት፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንበል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።